ዝናብና የተገለጠ የአየር ማጣሪያ፦ ሦስት ሽፋኖች በአንድ የዝናብ ወቅት

ሞተር ሳይክሌን ከቀድሞ ባለቤቱ ስረከብ ከመቀመጫው ሥር ሊኖር የሚገባው የአየር ማጣሪያ ሣጥን ወልቆ፣ በምትኩ ቀይ የጥጥ ማጣሪያ በቀጥታ አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ካርቡሬተር አፍ ላይ ተሰክቶ ነበር። ለዓይን ያምራል፤ ጋዝ ሲሰጡት የሚያሰማው የአየር ስበት ድምፅም ሞተሩን ካለው ጉልበት በላይ ያለው ያስመስለዋል። ሣጥኑ ሲወጣ ከእርሱ ጋር ምን አብሮ እንደ ወጣ የተረዳሁት ግን በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዝኩ ሞተሩ ከመካከለኛ ፍጥነት በላይ መውጣት አቃተው፤ ጋዝ ስጨምርለት ይታነቃል፣ ስቀንስለት ነፍስ ይዘራል፣ በመጨረሻም የትራፊክ መብራት ጥበቃ ቆሜ ሳለሁ ጸጥ አለ። ማጣሪያውን ነቅዬ በእጄ ጫን ሳደርገው ካልተጨመቀ ፎጣ እንደሚወርድ ያለ ውሃ አንጠባጠበ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ዓይነት ሽፋኖችን ገዝቼ በዝናቡ ወቅት ሁሉ በተራ ሞክሬያቸዋለሁ፤ ይህ ግምገማ የዚያ ሙከራ ውጤት ነው። የሽፋኖቹን አምራቾች ስም አልጠቅስም፤ ሦስቱንም ዓይነቶች ብዙ ድርጅቶች የሚሠሯቸው በመሆናቸው ልዩነቱ የሚመጣው ከስሙ ሳይሆን ከጨርቁና ከአሰፋፉ ነው። ሞተሬ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 200 ሲሲ፣ በካርቡሬተር የሚሠራ ሲሆን ማጣሪያው ከኋላ ጎማው ትንሽ ወደ ፊት በጎን በኩል ተገልጦ ይታያል። በትልልቅ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች እንደሚደረገው ማጣሪያው ከሞተሩ ጎን ወጥቶ ፊት ለፊት ንፋስ የሚመታው ከሆነ አንዳንዱ ፍርዴ ስለሚለወጥ በየቦታው እጠቁማለሁ።

ሽፋን ሻጮች ዝናብን በጅምላ የሞተር ጠላት አድርገው ሲያቀርቡ ይሰማል፤ ይህ ትክክል አይደለም። እርጥብ አየር፣ ጉም ወይም ደቃቅ ካፊያ በራሱ ሞተር አይጎዳም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአንዳንድ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተር ውስጥ ከአልኮል ጋር የተቀላቀለ ውሃ ሆን ተብሎ ይረጭ ነበር፤ ዓላማውም የሚገባውን ድብልቅ አቀዝቅዞ ከጊዜው ቀድሞ እንዳይፈነዳ ማድረግ ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው በሦስት ሌሎች መንገዶች ሲሆን ሽፋን መመዘን ያለበትም ሦስቱን ምን ያህል እንደሚከላከል በማየት ነው።

አንደኛው የማጣሪያው መዘጋት ነው። በዘይት የራሰ የጥጥ ማጣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው የማጣሪያ አምራች ኬ ኤንድ ኤን በዓለም ያስተዋወቀው ዓይነት፣ አየር የሚያስተላልፈው በክሮቹ መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ነው። ውሃ ሲደርስበት በእነዚያ ክፍተቶች ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ስስ ገለፈት ሆኖ ይዘረጋል፤ አየሩም መንገድ ያጣል። ዘይቱ ለጊዜው ውሃውን ይገፋል፤ ሆኖም ከመንገድ የሚረጭ ጭቃማ ውሃ ደጋግሞ ሲመታው ይሸነፋል። የወረቀት ማጣሪያ ከዚህ ይብሳል፤ አብጦ ይለሰልሳል፣ ሊቀደድም ይችላል። የስፖንጅ ማጣሪያ በዘይት በደንብ ከተነከረ ደህና ይታገሣል፤ ዘይት ካነሰው ግን እንደ ማንኛውም ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶ ይቀመጣል። በካርቡሬተር በሚሠራ ሞተር አየሩ ሲታነቅ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ሞተሩም በእኔ ላይ እንደ ሆነው መንተፋተፍ ይጀምራል።

ሁለተኛው ውሃ ወደ ካርቡሬተሩ መዝለቁ ነው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ቤንዚን ግን ወደ 750 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ካርቡሬተሩ የቤንዚን ጽዋ የገባ ጠብታ ከታች ይሰፍራል፤ ዋናው የቤንዚን መሳቢያ ቀዳዳም የሚገኘው በዚያው በጽዋው የታችኛው ክፍል ነው። ዝናቡ ካባራ፣ ማጣሪያውም ከደረቀ በኋላ ለብዙ ኪሎ ሜትር የሚቀጥል መንተፋተፍ ብዙውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው። መፍትሔውም የጽዋውን የማፍሰሻ ቪቴ ፈትቶ ጥቂት ቤንዚን ማስወጣት ነው፤ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ቢቀበሉት የውሃው ጠብታዎች ሥር ላይ እንደ መስታወት ቅንጣት ሲንከባለሉ ይታያሉ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ሲሆን ውሃ በብዛት ወደ ሲሊንደር መግባቱ ነው። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም ማለት ይቻላል። የእኔን ዓይነት የ200 ሲሲ ሞተር የመታመቂያ መጠኑ 9 ለ 1 ነው፣ ማለትም የገባው አየር ወደ ዘጠነኛ እጁ ይታመቃል ብለን ብንወስድ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚቀረው ቦታ 25 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ይህም አምስት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ውሃ ሲሊንደሩ ውስጥ ካለ ፒስተኑ የሚሄድበት ስፍራ የለውም፤ ሞተሩ በጉልበት ከተሽከረከረም የሚታጠፈው ፒስተኑን የተሸከመው ዘንግ ነው። በመንገድ ላይ ከሚዘንብ ዝናብ ይህ እንዲደርስ ብዙ ነገር መገጣጠም አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ባደረ፣ ማጣሪያው ወደ ላይ ያዘነበለ ሞተር ላይ ወይም ጥልቅ ኩሬ ውስጥ በገባ ሞተር ላይ ግን አደጋው እውነተኛ ነው። ይህን ልብ ይሏል፤ ስለ ሁለተኛው ሽፋን የምሰጠው ፍርድ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

የመጀመሪያው ሽፋን ውሃ እንዲገፋ በኬሚካል ከታከመ ስስ የፖሊስተር ጨርቅ የተሰፋ፣ አፉ ላይ ላስቲክ ያለው ጥቁር ከረጢት ነው። በእጅ ሲይዙት የማይረባ ይመስላል፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ቀዳዳዎቹ ይታያሉ፣ በአፍ እፍ ሲሉበት አየሩ ያለ ችግር ያልፋል። እንዲህ ዓይነቱ ጨርቅ ዝናብ ያቆማል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ጨርቁን በብርጭቆ አፍ ላይ ወጥሬ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጠብታው ኳስ ሆኖ እየተንከባለለ ወረደ፤ ብርጭቆው ደረቅ እንደ ሆነ ቀረ። በጣቴ ጫን ሳደርገው ግን ውሃው ወዲያው ሾለከ። ስለዚህ ጨርቁ የሚገፋው በላዩ የሚያርፈውን ውሃ ነው እንጂ በኃይል የሚወረወረውን አይደለም።

ታዲያ የሞተሩ ስበት ጠብታውን አስገድዶ አያስገባውም ወይ? ይህ ጥያቄ ስላስጨነቀኝ ሒሳቡን ሠራሁት። የ200 ሲሲ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር በደቂቃ 3000 ጊዜ አየር ይስባል፤ በእያንዳንዱ ስበት ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ይሞላል ብንል እንኳ በሰከንድ የሚገባው 10 ሊትር ያህል ነው። የማጣሪያዬ የውጭ ገጽ፣ እጥፋቶቹን ሳልቆጥር፣ ወደ 220 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አሥሩ ሊትር በዚህ ሁሉ ገጽ ላይ ሲከፋፈል አየሩ ሽፋኑን የሚያልፍበት አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስበቱ የሚሆነው ከአራቱ ምቶች በአንዱ ብቻ ስለሆነ ቅጽበታዊው ፍጥነት አራት እጥፍ ይደርሳል እንበል፤ ይህም በሰከንድ ሁለት ሜትር አይሞላም። መካከለኛ የዝናብ ጠብታ ከሰማይ ሲወርድ ከዚህ በእጅጉ ይፈጥናል። ስለዚህ ስበቱ ብቻውን ጠብታን ከጉዞው አጥፎ በሚገባ በታከመ ጨርቅ ውስጥ ለማሾለክ አቅም ያንሰዋል፤ አብሮ የሚገባው ከአየሩ ጋር የሚንሳፈፈው ደቃቅ ርጥበት ነው፣ እርሱም አይጎዳም።

በመንገድ ላይ ያየሁት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ያ የመጀመሪያ ቀን ዝናብ በመሰለ ዝናብ ውስጥ ያንኑ መንገድ ሽፋኑን አልብሼ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከጉዞ በፊትና በኋላ ማጣሪያውን በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው፣ ያለ ሽፋን በግልጽ ይከብድ የነበረው አሁን ልዩነቱን ሚዛኑ ለማሳየት ይቸገር ነበር። በኃይልም በኩል ልዩነት አልተሰማኝም፤ በደረቅ ቀን ከፍ ባለ ፍጥነት ተጉዤ ካንዴላውን ስነቅለው ቀለሙ እንደ ቀድሞው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነበር። ከዚህም በላይ ጨርቁ ደረቅ አቧራን አስቀድሞ ስለሚያስቀር የውስጠኛው ማጣሪያ የሚቆሽሽበት ጊዜ ረዝሟል። በአቧራማ መንገድ ለሚጓዝ ሰው ይህ ብቻ ሽፋኑን ለመግዛት በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

እንከኑ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ መጣ። የሰንሰለት ቅባትና የመንገድ ጭቃ ተደባልቀው የጨርቁን የታችኛውን ጎን ሲያወፍሩት ውሃ መግፋቱን አቆመ፤ ጠብታው ኳስ ከመሆን ይልቅ ተንጣሎ ጨርቁን ያረጥበው ጀመር። የረጠበ ጨርቅ ደግሞ ከተገለጠ ማጣሪያ ብዙም አይሻልም፤ ያው የውሃ ገለፈት አሁን በሽፋኑ ላይ ይዘረጋል። ለስላሳ ሳሙና በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ፣ ሳልፈትግና ሳልጠመዝዝ አጥቤ በጥላ ሳደርቀው አብዛኛው ችሎታው ተመለሰ፤ ሆኖም እንደ አዲስ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ሳምንቱ በላዩ ውሃ ጠብ አድርጌ እፈትነዋለሁ፤ ኳስ ካልሠራ ይታጠባል፣ ታጥቦም ካልሠራ ይጣላል። ማንም ሰው እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልጨምር፤ የጥጥ ማጣሪያው ዘይት ይፈልጋል፣ ይህ ጨርቅ ግን ዘይት ፈጽሞ አይነካውም። አንድ ጋላቢ ጓደኛዬ ሁለቱንም በአንድነት ዘይት ቀብቷቸው ሞተሩ አልተነፍስ ብሎት ሰንብቷል። በቤንዚን ማጠብም ያው ጥፋት ነው፤ የጨርቁን ሕክምናና ላስቲኩን አብሮ ሊያበላሽ ይችላል።

ሌላው መታየት ያለበት ልክ ነው። የገዛሁት የመጀመሪያው ከረጢት አንድ ቁጥር ይሰፋ ስለ ነበር የላስቲኩ አፍ ከማጣሪያው የጎማ አንገት ጋር ሳይገጥም ቀርቶ በሥር በኩል ክፍተት ተፈጠረ፤ ውሃም የመረጠው ያንን ነው። በጣም የጠበበው ደግሞ ጨርቁን ስለሚወጥረው ጨርቁ ማጣሪያው ላይ ይለጠፋል፤ በዚያ የተለጠፈ ቦታ ላይ ያረፈ ውሃ በንክኪ ወደ ጥጡ ያልፋል። ትክክለኛው ልክ ላስቲኩ አንገቱን ጨምድዶ ይዞ የጨርቁ አካል ግን ትንሽ ሲላላ ነው። ከመግዛት በፊት የማጣሪያውን የሥር ስፋት፣ የጫፍ ስፋትና ርዝመት በሚሊ ሜትር ለክቶ መሄድ ያስፈልጋል፤ የሞተሩን ሞዴል ብቻ መናገር አይበቃም፣ ማጣሪያው የሞተሩ አይደለምና።

ሁለተኛው ሽፋን ዝናብ ካፖርት ከሚሠራበት ዓይነት፣ በውስጡ ከተቀባ ወፍራም ናይለን የተሰፋ ነው። ውሃ ፈጽሞ አያሳልፍም፤ አየርም እንዲሁ። አምራቹ አየር ይገባበታል ያለው በኋላ በኩል የተተወ ጠባብ ክፍተት አለ፤ ስፋቱን ስለካው ከ20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። እዚህ ላይ የቀደመው ሒሳብ ይገለበጣል። ያው አሥር ሊትር አየር በ20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ አምስት ሜትር ይሆናል፤ ቅጽበታዊው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይልቃል። ይህ ጠብታን ጠልፎ ለመውሰድ የሚበቃ ፍጥነት ነው። ክፍተቱ ደግሞ የሚመለከተው ወደ ኋላ፣ ማለትም በእኔ ሞተር ላይ ውሃ ወደሚረጨው ጎማ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ሙሉ በሙሉ ከልክሎ ከኋላ የሚመጣውን ጭቃ በጠባብ በር እየጠራ ያስገባዋል።

በዝግታ ስጓዝ ችግር አልነበረም። ጋዙን ከግማሽ በላይ ስከፍት ግን ሞተሩ ከበደው፤ ከአንድ ረጅም ጉዞ በኋላ የነቀልኩት ካንዴላ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። በኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ በሚሠራ ሞተር መቆጣጠሪያው የአየሩን መቀነስ ለክቶ ቤንዚኑን በከፊል ስለሚያመጣጥን ካንዴላው እንዲህ ላይጠቁር ይችላል፤ የጉልበቱ መቀነስ ግን አይቀርም። ማጣሪያው ወደ ፊት ወጥቶ ንፋስ በሚመታው ሞተር ላይ ደግሞ ክፍተቱ ከጎማው ርጭት ርቆ ከሞተሩ ወገን ስለሚሆን ይህ ዓይነቱ ሽፋን ከእኔ ይልቅ ለዚያ ባለቤት ይስማማዋል፤ ድንገተኛ ዶፍ ሲጥል አልብሶ ረጋ ብሎ ወደ መጠለያ ለመድረስ ይጠቅማል።

ይሁንና ይህን ከረጢት አልጣልኩትም፤ ምክንያቱም ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ከሦስቱም የሚስተካከለው የለም። ውሃ ወደ ሲሊንደር ከሚገባባቸው እውነተኛ አጋጣሚዎች አንዱ የቆመ ሞተር ነው ብያለሁ። ከደጅ በሚያድር ሞተር ላይ፣ ሞተሩ ሲታጠብ፣ በተለይም ግፊት ባለው ውሃ ሲታጠብ፣ አየር የማያሳልፍ መሆኑ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ ጥቅም ይሆናል። አደጋው ጠዋት መርሳት ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ረስቼ ሞተሩ ለምን አልነሣም እንዳለኝ ስመራመር ቆይቻለሁ፤ አሁን ከረጢቱን ያለበስኩት እንደ ሆነ የሞተሩን ቁልፍ ከእርሱ ማሰሪያ ጋር አንጠልጥዬ ነው የማስቀምጠው።

ሦስተኛው በሁለት ቪቴ የሚታሰር፣ ማጣሪያውን ከላይና ከውጭ ጎን የሚከልል ጠንካራ የፕላስቲክ ከለላ ነው። ስለ እርሱ የምለው ብዙ አይደለም። ከላይ የሚወርደውን ዝናብ በሚገባ ያዞረዋል፣ አየር አያፍንም፣ ጥገናም አይጠይቅም። ከሥርና ከኋላ ክፍት ስለሆነ ግን የጎማውን ርጭት አያቆምም፤ በእኔ ሞተር ላይ ብቻውን ሲሆን ማጣሪያው የታችኛው ግማሹ ረጥቦ የላይኛው ደርቆ ይገኝ ነበር። በንዝረት ቪቴዎቹ ይላላሉ፤ ከሥራቸው ጎማ ቀለበት እስካደርግባቸው ድረስ በዝቅተኛ ዙር የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ሰላም ነስቶኝ ነበር። ከጨርቁ ሽፋን ጋር አብሮ ሲውል ግን ትርጉም አለው፤ ዶፉን እርሱ ይቀበላል፣ የተረፈውን ጨርቁ።

ሽፋን ገዝቶ ገንዘብ ከማውጣት በቤት ያለውን መጠቀም ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ፌስታል ማጥለቅን የመሰለ ነገር። ለታጠበ ወይም ለቆመ ሞተር ፌስታል ይበቃል። ለሚሄድ ሞተር ግን ስበቱ ፌስታሉን ጎትቶ ማጣሪያው ላይ ይለጥፈዋል፣ ሞተሩም በመንገድ መካከል ይታፈናል፤ ወልቆ ከወደቀም የጋለ ማርሚታ ላይ ቀልጦ የሚለጠፈው ነገር በቀላሉ አይለቅም። የሴት ስስ ካልሲ ማልበስ ደግሞ አቧራና ነፍሳትን ጥቂት ያስቀር ይሆናል እንጂ ውሃ እንዲገፋ ስላልታከመ ለዝናብ ዋጋ የለውም። ማጣሪያውን ጨርሶ አውልቆ በዝናብ መጓዝም ሲመከር ሰምቻለሁ፤ በዝናብ አቧራ የለም ከሚል እሳቤ ይመስለኛል። ጎማው የሚረጨው ውሃ አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አሸዋ ደግሞ ቀለበቶቹንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ እንዳለ ሆኖ በዚህ የዝናብ ወቅት ከማናቸውም ሽፋን የበለጠ ለውጥ ያመጣው ሽፋን ያልሆነ ነገር ነው። የቀድሞው ባለቤት የማጣሪያ ሣጥኑን ሲያወጣ ከኋላ ጎማው በስተፊት የነበረውን የውስጠኛ ፓራፋንጎም አብሮ አውጥቶታል። ጎማው ሲሽከረከር ከመንገድ ያነሣውን ውሃ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይወረውራል፤ በመካከል የሚያግደው ከሌለ በቀጥታ የሚያርፈው ማጣሪያው ላይ ነው። ይህ ውሃ ከዝናቡ በፍጥነቱም በቆሻሻውም ይለያል፤ ጨርቁ መግፋት የሚያቅተውም በኃይል የሚመጣውን እንደዚህ ያለውን ነው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ አንድ መዳፍ ከግማሽ ያህል ስፋት ቆርጬ፣ ከሻሲው ጋር በሁለት ቪቴ አስሬ በጎማውና በማጣሪያው መካከል ሰቀልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፖሊስተሩ ሽፋን በጭቃ የሚወፍርበት ጊዜ በእጅጉ ረዘመ፤ ከላይ ያማረርኩበት የሁለት ወር ድካምም አልተደገመም። ስለዚህ ሽፋን ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ በዝናብ ጊዜ ማጣሪያው የትኛው ጎኑ እንደሚረጥብ ይመልከት። የሚረጥበው ከላይ ከሆነ ከለላ፣ ከኋላ ከሆነ ላስቲክ፣ ከሁሉም በኩል ከሆነ ጨርቅ ነው የሚያስፈልገው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ትንሽ ማጣሪያ አለ። ሣጥኑ ሲወጣ ከሞተሩ የዘይት ክፍል ወደ ሣጥኑ ይሄድ የነበረው የመተንፈሻ ቱቦ ጫፉ ባዶ ይቀራል፤ ብዙዎች አውራ ጣት የምታህል ማጣሪያ ሰክተውበት ይተዉታል። እርሷም ከተገለጠች ውሃ ወደ ሞተር ዘይት የሚገባበት መንገድ ትሆናለች። ለእርሷ የሚሆን ትንሽ የጨርቅ ሽፋን ይሸጣል፤ እኔ ግን ቱቦውን አጥፌ አፉን ወደ ታች ማድረጉን መርጫለሁ።

ሽፋንም ኖሮ ማጣሪያው በስብሶ ከተገኘ፣ ወይም ሞተሩ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ከጠፋ፣ ማስነሻውን ደጋግሞ መጫን ያለውን ችግር ወደ ባሰ ችግር ይለውጣል። ካንዴላው ይነቀል፤ ጋዙ ተከፍቶ ሞተሩ በእግር ማስነሻው በዝግታ ይሽከርከር፤ ውሃ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። የካርቡሬተሩ ጽዋ ይፍሰስ፤ የሞተር ዘይቱ ይታይ፣ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታልና ይቀየር። የጥጥ ማጣሪያውን በእሳት ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማድረቅ፣ በግፊት አየር መንፋትም ጥጡን ይጎዳዋል፤ አራግፎ በጥላ ማስቀመጥና ሲደርቅ እንደገና ዘይት መቀባት ይገባል።

በደረቅና በዝናብ ወቅት በተገለጠ ማጣሪያ ለሚጓዝ ሰው ውሃ የሚገፋውን የፖሊስተር ሽፋን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ አንድ በላዩ፣ አንድ ታጥቦ የሚለወጥ በኪሱ ይሁን። የናይለኑን ከረጢት ለማደሪያና ለማጠቢያ ብቻ ቢገዙት ይጠቅማል፤ እንደ መጓዣ ሽፋን ግን ማጣሪያቸው እንደ እኔ ከጎማ አጠገብ ላለ ሰዎች አይሆንም። የፕላስቲኩ ከለላ የሚገዛው ሌላው ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው። የፋብሪካው የማጣሪያ ሣጥን ያልተጣለበት ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም ሳይገዛ ሣጥኑን ይመልሰው። አየር የሚስብበት አፉ ከርጭት ርቆ ከላይ ተቀምጦ፣ የገባው ጠብታ የሚወርድበት ማፍሰሻ ቱቦ ከሥሩ ተበጅቶለት፣ እኛ በሦስት ሽፋንና በአንድ ቁራጭ ላስቲክ የምንደክምበትን ሥራ እርሱ ድምፅ ሳያሰማ ይሠራው ነበር። እኔም የራሴን ሣጥን ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ እያፈላለግኩ ነው፤ የተገኘ ዕለት የናይለኑን ከረጢት ለመቀመጫዬ ዕቃ መያዣ አደርገዋለሁ፣ ፖሊስተሩን ደግሞ ሁለቱንም ዘይት ለቀባው ጓደኛዬ እሰጠዋለሁ።